ባለሦስት ማርሽ ካምቢዮ ላይ ኦቨርድራይቭ ስጨምር፦ የተሳቢ መጎተቻ ፒክአፕ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከመፍታቴ በፊት፦ ወረቀትና እርሳስ

ፒክአፑ አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ግን ገና አልደከመም። ባለስድስት ሲሊንደር፣ 5.9 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው ናፍጣ ነው። በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ 160 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የመጠምዘዝ ኃይሉ፣ 542 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ የሚገኘው ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ 1,600 እና 1,700 ዙር አካባቢ ነው። 2,500ን ብዙ ሳያልፍ ደግሞ ገቨርነሩ (የሞተሩን ዙር የሚገድበው መሣሪያ) ነዳጁን ይቀንስበታል። ስለዚህ ይህ ሞተር ተሳቢ ይዞ ደህና የሚሠራበት ክልል ጠባብ ነው፤ ከ1,600 እስከ 2,500። የቤንዚን ሞተር እስከ 5,000 እየጮኸ የካምቢዮውን ጉድለት ይሸፍናል። ይህኛው አይሸፍንም፤ በክልሉ ውስጥ የሚያቆዩት ማርሾቹ ናቸው።

ካምቢዮው ደግሞ ሦስት ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ ነው፦ 2.45፣ 1.45 እና 1.00፤ ቁጥሩ የመውጫው ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር መግቢያው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። የኋላ ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያዞረው ማርሽ) 3.07 ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ክፍል፣ መቆለፊያ የለውም። ጎማው 245/75 አር 16 ሲሆን ቁመቱ 77 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባዶውን ሲሄድ ይህ ሁሉ ይስማማዋል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ 2,100 ዙር ገደማ ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል። 3.5 ቶን ተሳቢ ሲታሰርበት ግን ከቆመበት መነሳት ስቃይ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ያቅማማል፣ በመካከል የጠፋው ጉልበት በኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይት ሲያሞቅ ይቆያል።

«ኦቨርድራይቭ ግጠምለት» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ኦቨርድራይቭ የመውጫው ዘንግ ከመግቢያው ፈጥኖ እንዲዞር የሚያደርግ ተጨማሪ ማርሽ ነው። ምክሩ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ኦቨርድራይቭ በራሱ የመጎተት ኃይል አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። እኔ የመረጥኩት 0.778 ነው፤ የመውጫው ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር የመግቢያው ዘንግ 0.778 ብቻ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ከ3.07 ጋር ሲባዛ 2.39 ይሰጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሞተሩ ወደ 1,640 ዙር ይወርዳል። ባዶ መኪና ይህን ይወደዋል። ተሳቢ የያዘ መኪና ግን መጠነኛ ዳገት ወይም የፊት ነፋስ ባገኘው ቁጥር ከክልሉ በታች ይወድቃል።

ስለዚህ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ለመሥራት ወሰንኩ፦ ዲፈረንሻሉን ወደ 4.10 ማክበድ፣ ከዚያም ኦቨርድራይቩን መጨመር። 4.10 በ0.778 ሲባዛ 3.19 ነው። ያሳመነኝ ይህ ቁጥር ነው። ኦቨርድራይቭ ላይ ሆኜ እንኳ ከቀድሞው ሦስተኛ ማርሽ ጥቂት የከበደ ማርሽ አለኝ። ኦቨርድራይቩ ሲጠፋ ደግሞ በየማርሹ ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ኃይል ጎማ ላይ ይደርሳል፤ አንደኛ ማርሽ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተባዝቶ ከ7.5 ወደ 10 ያድጋል። 4.10 ብቻውን ደግሞ አይሆንም፤ በ100 ኪሎ ሜትር 2,800 ዙር ይጠይቃል፣ ገቨርነሩ ግን እዚያ አያደርሰውም።

ራሴን እንዳላታልል አንድ ስሌት ጨመርኩ። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 6.3 ቶን ናቸው። 6 በመቶ ዳገት ላይ ክብደቱ ብቻ ወደ ኋላ የሚስበው 3,700 ኒውተን ገደማ ነው። የጎማ ተቃውሞ 700 ያህል፣ ነፋሱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ሌላ 700 ያህል ይጨምራል። ድምሩ 5,100 ኒውተን በሰከንድ 16.7 ሜትር ሲባዛ ጎማ ላይ 85 ኪሎ ዋት ይፈለጋል። 160 የፈረስ ጉልበት 119 ኪሎ ዋት ነው፤ ኮንቨርተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የሚበሉት ሲቀነስ የሚተርፈው ከሚፈለገው ብዙ አይርቅም። እንግዲህ የፈለግሁትን ማርሽ ብገጥም ይህን ዳገት በ80 አልወጣውም። ከሥራው የምጠብቀው ያለው ጉልበት በትክክለኛው ዙር ላይ እንዲገኝልኝ ብቻ ነው።

ምን ዓይነት ኦቨርድራይቭ?

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው የድሮ ከባድ መኪናዎች ላይ የነበረው ረዳት ካምቢዮ ነው። አሜሪካውያን ብራውን ላይፕ ከተባለው አምራች ስም ተነስተው «ብራውኒ» የሚሉት፣ ስፓይሰርም በብዛት የሠራው ዓይነት ማለት ነው። ሻንሲው መሃል ላይ ለብቻው ይታሰራል፣ የራሱ ማርሽ መቀየሪያ አለው፣ ከፊቱና ከኋላው ዘንግ ይኖረዋል። ጥንካሬው አያጠያይቅም። ሆኖም ከእጅ ካምቢዮ ጋር፣ ፍሪሲዮን እየረገጡ እንዲቀየር የታሰበ ነው፤ ከአውቶማቲክ ጀርባ ሲሆን መቀየሩ ራስ ምታት ነው። ከዚህም የከፋው ቁልቁለት ላይ ቅያሪው ሳይሳካ ቀርቶ ነጻ ላይ ከቆመ፣ 6.3 ቶን በፍሬን ብቻ የተያዘ ሆኖ መቅረቱ ነው። ተውኩት።

ሁለተኛው ከካምቢዮው ጭራ ጋር በቀጥታ የሚገጠም የፕላኔታሪ ኦቨርድራይቭ ነው። የሐሳቡ አባት ኤድጋር ደ ኖርማንቪል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን ያመረተው በሼፊልድ የነበረው የሌይኮክ ፋብሪካ ነው። ለሽያጭ በቀረበ መኪና ላይ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 በስታንዳርድ ቫንጋርድ ነበር። ዛሬ ለፒክአፕ የሚሸጡት ጊር ቬንደርስን የመሳሰሉት ከዚያው ዘር ናቸው።

አንዱ ሻጭ «22 በመቶ»፣ ሌላው «28 በመቶ» ሲል አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ይመስላል። 0.778 ሞተሩን በ22 በመቶ ያዘገየዋል፤ በተመሳሳይ የሞተር ዙር ደግሞ መኪናውን በ28 በመቶ ያፈጥነዋል። ዕቃው አንድ ነው።

ውስጡን ከፍቼ ሳየው

ከመግጠሜ በፊት አሠራሩን ማየት ፈልጌ ነበርና ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ትናንሾቹን የፕላኔት ማርሾች የተሸከመውን ክፍል ያዞራል። መሃል ላይ ያለው ማርሽ ከአንድ ሾጣጣ ፍሪሲዮን ጋር የተያያዘ ነው። ውጫዊው የቀለበት ማርሽ ደግሞ ከመውጫው ዘንግ ጋር አንድ አካል ነው።

ኦቨርድራይቩ ሲጠፋ ጠንካራ ስፕሪንጎች ሾጣጣውን ወደ ቀለበት ማርሹ ይገፉታል፤ ሁሉም ተቆልፎ እንደ አንድ ዘንግ ይዞራል። ወደ ፊት የሚሄደውን ጉልበት የሚሸከመው ግን ሾጣጣው ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች ነው። ሾጣጣው የሚያስፈልገው መኪናው ሞተሩን ሲገፋ፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ፣ እንዲሁም ወደ ኋላ ሲኬድ ነው።

ሲበራ ሶላኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው መክፈቻ) የዘይት ቫልቭ ይከፍታል። በመግቢያው ዘንግ ላይ ባለ ካም የሚነዳ ትንሽ ፓምፕ ያጠራቀመው ግፊት ፒስተኖቹን ይገፋል፤ እነሱም ሾጣጣውን ከቀለበት ማርሹ አላቀው ከማይንቀሳቀሰው የፍሬን ቀለበት ጋር ያጣብቁታል። መሃለኛው ማርሽ ይቆማል፣ ፕላኔቶቹ በላዩ ላይ እየተንከባለሉ የቀለበቱን ማርሽ ከራሳቸው ያፈጥኑታል። በመካከሉ ጉልበት የሚቋረጥበት ቅጽበት የለም፤ ሾጣጣው ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪሻገር ድረስ የአንድ አቅጣጫው ክላች ይይዛል። ለተሳቢ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ዳገት መሃል ነዳጅ መስጫውን ሳልለቅ መቀየር እችላለሁ።

ከዚሁ አሠራር አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ኦቨርድራይቭ በርቶ የኋላ ማርሽ ከገባ የመውጫው ዘንግ ከመግቢያው ፈጥኖ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል፤ የአንድ አቅጣጫው ክላች ደግሞ በዚያ በኩል አይለቅም። ሁለት የተለያየ ፍጥነት አንድ ቦታ ይጋጫሉ፣ የሚሰበረውም ክላቹ ነው። ተሳቢን ወደ ኋላ እየገፉ ማቆም የዘወትር ሥራ ስለሆነ ይህን ለማስታወስ ችሎታዬ አልተውኩትም፤ የኤሌክትሪክ መከላከያ ይበጅለታል።

ዘይቱ ከካምቢዮው ዘይት የተለየ፣ የራሱ ነው። መመሪያው የጻፈውን ብቻ ሞላሁ። ሰበቃ የሚቀንስ ተጨማሪ ፈሳሽ እዚህ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሾጣጣው የሚሠራው በሰበቃ ነው።

ዲፈረንሻሉ ቀደመ

ኮሮናና ፒኞን (በዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገናኙት ትልቁና ትንሹ ማርሽ) ስለ መቀየር ብዙ አልጽፍም፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ ምስጢር ያለው ሥራ አይደለም። የፒኞኑን ጥልቀት በሺም (በስስ የብረት ቀለበት) ማስተካከል፣ የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት መለካት፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.23 ሚሊ ሜትር ማድረግ፣ ከዚያ ቀለም ቀብቶ ጥርሶቹ የሚነካኩበትን ምልክት ማየት። ምልክቱ ከጥርሱ መሃል እስኪወድቅ ድረስ መፍታትና መግጠም ነው።

ከኦቨርድራይቩ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ተሳቢ ሳይጎትቱ በቀስታ ሊለማመዱ ይገባል፤ ያን ጊዜ መኪናውን ያለ ኦቨርድራይቭ ነዳሁት። ከመነሻው እንደ ሌላ መኪና ሆነ፤ ነዳጅ ገና ሲነካ ይነሳል። በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ሞተሩ 2,400 ዙር ደርሶ ጆሮ ያደነቁራል፣ ከ90 በላይ ደግሞ ግድግዳ ነው። የኋላዬ መኪናዎች ትዕግሥት ከእኔ አነስ ያለ ነበር።

የፍጥነት መለኪያውም ውሸት ጀመረ። ገመዱ የሚነሳው ከካምቢዮው ጭራ ስለሆነ፣ በ4.10 ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ጨምሮ ያሳያል። ይህ ቢያንስ ለጥንቃቄ የሚያዘነብል ውሸት ነው። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፤ ኦቨርድራይቩ ከተገጠመ በኋላ መለኪያው ለ4.10 ተስተካክሎ ግን ከኦቨርድራይቩ በፊት እንደተነሳ ቢቀር፣ የሚያሳየው በእውነት ከሚሄደው በ22 በመቶ ያነሰ ይሆናል። 78 እያነበቡ በ100 ከባድ ተሳቢ መንዳት ማለት ነው። ስለዚህ የመለኪያው ማርሽ ወደ ኦቨርድራይቩ መውጫ ዞሮ፣ የጥርሱ ቁጥርም ለ4.10 ተመርጦ ተገጠመ።

ገጠማው

መኪናው በአራት ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ወጣ። ካርዳኑ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ ጉልበት የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ወጣ። ካምቢዮውን በክሪክ ደግፌ የሚሸከመውን አግዳሚ ብረት ፈታሁ፣ ቀጥሎ የካምቢዮውን የጭራ ሽፋን። በቦታው አዳፕተሩ ይገባል፣ ኦቨርድራይቩም ከአዳፕተሩ ጋር በቡሎን ይታሰራል፤ የካምቢዮው መውጫ ዘንግ በመገናኛ እጅጌ ከኦቨርድራይቩ መግቢያ ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር መግፋት አለመፈለጉ ነው። ዘንጉና እጅጌው ከተገናኙ ኦቨርድራይቩ በእጅ ግፊት ብቻ ቦታው ድረስ ይደርሳል። ክፍተት ቀርቶ በቡሎን ለመሳብ የሚደረግ ሙከራ አዳፕተሩን ይሰነጥቃል ወይም የካምቢዮውን የኋላ ኩሽኔታ ያጨናንቃል። የእኔ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቆመ፤ አውርጄ የመውጫውን ዘንግ ትንሽ አዞርኩ፣ ጥርስና ጥርስ ተገናኙ፣ ያለ ትግል ገባ።

ሌላው የክብደት ጉዳይ ነው። የካምቢዮው ጭራ ረዘመ፣ ከበደም። ካምቢዮው የሚያርፍበት የጎማ ትራስ በቀድሞ ቦታው ቢቀር ይህ ሁሉ ከአዳፕተሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ በየጉድጓዱ ይወዛወዛል። አዲስ አግዳሚ ብረት ሠርቼ ሁለተኛ ድጋፍ ከኦቨርድራይቩ ሥር አስገባሁ፤ በጥብቅ ግን አላሰርኩትም፤ ሻንሲው ሲጣመም ካምቢዮውን ይዞት እንዳይጣመም ጎማ በመካከል አለ።

ካርዳኑ አጠረ፣ ስለዚህ ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረበት። ባለሙያው መለኪያዬን ተቀብሎ ከማየቱ በፊት «ስትለካ መኪናው በጎማው ቆሞ ነበር ወይስ ተንጠልጥሎ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ የተለካ ዘንግ መኪናው መሬት ሲነካ ይረዝማል፣ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ኦቨርድራይቩን ከኋላ ይወጋዋል። በጎማው ቆሞ የተለካ ነበር፤ ተንሸራታቹ ጫፍ ከመጨረሻው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንዲቀረው አድርጎ ቆረጠው። በካርዳኑ ጫፎች ያሉት ሁለቱ የክሮቼራ (መታጠፍ የሚችለው መገጣጠሚያ) ጫፎች በአንድ መስመር እንዲውሉ፣ ከብየዳው በኋላም ሚዛኑ እንዲለካ ጠየቅሁ። ይህ ቅንጦት አይደለም። በ100 ኪሎ ሜትር ካርዳኑ በ3.07 ዘመን 2,100 ዙር ይዞር ነበር፤ በ4.10 ግን 2,800 ይዞራል፣ ኦቨርድራይቭ ኖረም አልኖረም። ሞተሩ ዐረፈ ማለት ዘንጉ ዐረፈ ማለት አይደለም።

ሽቦው

የኦቨርድራይቩን የመጫኛ ቁልፍ መሪው ጎን ካለው ማርሽ መቀየሪያ ጫፍ ላይ አደረግሁት፤ አውራ ጣት ያለ ፍለጋ እንዲያገኘው። ከባትሪ የሚመጣው መስመር በፊውዝ በኩል ወደ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ከሪሌው ወደ ሶላኖይዱ ይሄዳል። ቁልፉ የሚያዘው ሪሌውን እንጂ ሶላኖይዱን በቀጥታ አይደለም።

የኋላ ማርሽ መከላከያው ሁለተኛ ሪሌ ነው። የኋላ ማርሽ መብራት ሲበራ ከዚያው ሽቦ ኃይል አግኝቶ የሶላኖይዱን መስመር ይቆርጣል። መብራቱ የሚበራው ማርሹ ከገባ በኋላ ስለሆነ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስለዚህ ከዝቅተኛ ፍጥነት በታች ሶላኖይዱን የሚያጠፋ፣ ከዕቃው ጋር የመጣ መቆጣጠሪያም አለ። መኪናው ሲቆም ፓምፑም ስለሚቆም ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ ግን ወዲያውኑ የሚሆን ነገር አይደለምና በእሱ አልተማመንኩም። ክሩስኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ኦቨርድራይቩ መግባቱን ትነግረኛለች። ያለ እሷ ቁልቁለት አፋፍ ላይ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለሁ መገመት ሊኖርብኝ ነው።

በዚያው የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መለኪያና የጭስ ሙቀት መለኪያ ገጠምኩ፤ ሁለተኛው ከቱርቦው በፊት። የናፍጣ ተሳቢ ጎታች ያለ እነዚህ ሁለት መለኪያዎች ዓይኑን ሸፍኖ ይነዳል።

የመጀመሪያው ጉዞ፣ ባዶውን

ኦቨርድራይቩ ሲገባ ትንሽ ግፊት ይሰማል፣ ከዚያ ጸጥታ። በ90 ኪሎ ሜትር ሞተሩ ከ2,530 ወደ 1,970 ወረደ። ስሌቱ ላይ የነበረውና መለኪያው ያሳየው ተገናኙ፤ ኮንቨርተሩ ሲንሸራተት የሚጨምራት ጥቂት ዙር ብቻ ነበረች ልዩነቱ።

ሆኖም ከ85 እስከ 95 ባለው ፍጥነት ከወለሉ ሥር እንደ ንብ የሚል መንቀጥቀጥ ተሰማ። ኦቨርድራይቭ ያለው ሰው እዚህ ላይ ሌላው የሌለው የምርመራ መሣሪያ በእጁ ነው። ፍጥነቱን 90 ላይ ይዤ ቁልፉን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። የሞተሩ ዙር በ560 ገደማ ይለዋወጣል፤ መንቀጥቀጡ ግን ያው ነው። እንግዲህ ከሞተር፣ ከኮንቨርተር ወይም ከካምቢዮ አይደለም፤ ከኦቨርድራይቩ በኋላ ካለ ነገር ነው። ጎማ ቢሆን በዚህ ፍጥነት በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ ይመታል፤ መሪና ወንበር ላይ ይታወቃል። ካርዳኑ በሰከንድ አርባ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ የሰማሁት እንደዚህ ዓይነት ፈጣን ጉርምርምታ ነው።

ሚዛኑ ተለክቷል፣ ስለዚህ ማዕዘኖቹን ለካሁ። የኦቨርድራይቩ መውጫና የፒኞኑ ዘንግ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ የአንዱ ክሮቼራ መጣመም የሌላውን የሚያጠፋው ያኔ ነው። ካርዳኑ ሲያጥር ያዘነበለበት ማዕዘን ጨመረ፣ አዲሱ ድጋፍ ደግሞ ጭራውን ጥቂት ከፍ አድርጎታል። በሁለቱ መካከል ሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት ተገኘ። ከባሌስትራውና ከአክስሉ መካከል የሁለት ዲግሪ ሽብልቅ ብረት አስገብቼ ፒኞኑን አስተካከልኩ። ጉርምርምታው ጠፋ።

ተሳቢውን አስሬ

አሁን በእጄ ያሉት ማርሾች ከዲፈረንሻሉ ጋር ተባዝተው እነዚህ ናቸው፦ አንደኛ 10.05፣ ሁለተኛ 5.95፣ ሁለተኛ ከኦቨርድራይቭ ጋር 4.62፣ ሦስተኛ 4.10፣ ሦስተኛ ከኦቨርድራይቭ ጋር 3.19። አንደኛንም በኦቨርድራይቭ መክፈል ይቻላል፤ 7.82 ይሰጣል። በተግባር ግን ጥቅም የለውም። አንደኛ ማርሽ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለት ቅያሪ መጨመር ጣት ማድከም ነው።

ለእኔ ሥራውን ሁሉ ያጸደቀው ያ የመሃሉ ማርሽ ነው፤ «ሁለት ተኩል» እለዋለሁ። በ2,500 ዙር ሁለተኛ ማርሽ 61 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል፣ ሦስተኛ 89 ላይ። በመካከላቸው ያለው ገደል ተሳቢ ለያዘ ሰው መንገዱ ሁሉ የሚውልበት ቦታ ነው። 4 በመቶ ዳገት ላይ በሦስተኛ ስሄድ ዙሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 70 ኪሎ ሜትር ላይ 1,970 ይሆናል፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ገና አለ፣ ግን የፈረስ ጉልበቱ ከሙሉው አንሷል፣ ስለዚህ መውረዱ ይቀጥላል። ወደ ሁለተኛ ልመለስ ብል 70 ላይ 2,850 ዙር ስለሚጠይቅ ገቨርነሩ ወደ 61 ይመልሰኛል። በሁለት ተኩል ግን 70 ላይ 2,220 ዙር ነው። ያንኑ 4 በመቶ ዳገት በ75 አካባቢ ይዞት ወጣ፣ ዙሩም 2,380 ላይ ረጋ። የጭስ ሙቀቱ የበለጠውን ነገረኝ፤ በሦስተኛ እየታከተ ሲወጣ መርፌው ወደ 700 ዲግሪ ይጠጋ ነበር፣ በሁለት ተኩል ግን ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ወረደ።

6 በመቶው ዳገት ላይ ደግሞ ስሌቱ እንዳለው ሆነ። ሁለተኛ፣ ስልሳ፣ ትዕግሥት።

ከሁለት ተኩል ወደ ሦስተኛ መሸጋገር ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ኦቨርድራይቩ ይጠፋል፣ ካምቢዮው ወደ ላይ ይቀይራል። ኦቨርድራይቩ ቀድሞ ከጠፋ መኪናው ወደ ሁለተኛ ይወድቃል፣ 2,500 የነበረው ዙር ወደ 3,200 ሊገፋ ይፈልጋል፣ መኪናውም በፍሬን እንደተያዘ ይንገጫገጫል። ካምቢዮው በጣም ከቀደመ ደግሞ ዙሩ 1,720 ድረስ ይወርድና ዳገት ላይ ያገኘሁትን ፍጥነት አጣለሁ። ደህናው መንገድ ማርሽ መቀየሪያውን ወደ ሦስተኛ ገፍቶ ወዲያው፣ ካምቢዮው መያዝ ሲጀምር፣ አውራ ጣትን መጫን ነው። ሲሳካ ዙሩ ከ2,500 ወደ 2,220 ብቻ ይወርዳል፤ ተሳቢውም መቀየሩን አይሰማውም።

ሜዳ ላይ ኦቨርድራይቩ በ90 ኪሎ ሜትር ሞተሩን 1,970 ላይ ያስቀምጠዋል። ፍጥነቱ ወደ 80 ሲወርድ፣ ዙሩ 1,750 ሲሆን፣ አጠፋዋለሁ፤ 2,250 ይሆናል። ከዚያ በታች እስኪወርድ መጠበቅ ጥቅም የለውም። የካምቢዮው ሙቀትም ይህንኑ ያስተምራል። ወጣ ገባ በሚበዛበት መንገድ በኦቨርድራይቭ ስቆይ ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት የበለጠ የመጠምዘዝ ኃይል መስጠት አለበት፣ መቆለፊያ የሌለው ኮንቨርተርም ይበልጥ ይንሸራተታል፣ ዘይቱም ይሞቃል። 95 ዲግሪ ሲቀርብ ወደ ቀጥተኛው ሦስተኛ ስመለስ መርፌው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ኦቨርድራይቩ የራሱ ዘይት ስላለው ለካምቢዮው ምንም አያግዘውም፤ ሰፋ ያለ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ጨመርኩ።

ቁልቁለት

አፋፉ ከመድረሱ በፊት ኦቨርድራይቩ ይጠፋል። ይህ ለእኔ ሕግ ነው። በርቶ ቢቀር ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት በ22 በመቶ ያነሰ ዙር ይዞራል፣ የሚይዘውም ያንኑ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ ናፍጣ ደግሞ ያለ ጭስ ፍሬን (የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያዘገይ መሣሪያ) ብዙ የሚይዝ አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ወደ ሁለተኛ እወርዳለሁ፤ ሁለት ተኩል ለመውጣት እንጂ ለመውረድ አይደለም። የቀረውን የተሳቢው የራሱ ፍሬን ይሠራዋል፤ 3.5 ቶን በፒክአፑ ፍሬን ብቻ ለማቆም ማሰብ የለብኝም፤ የትኛውም ማርሽ ያንን አይተካም።

ነዳጅ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱም ደስ አይልም። ከቀድሞው 3.07 ጋር ሲነጻጸር በቀጥታ መንገድ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም፤ 3.19 ከ3.07 ብዙ አይለይም። 4.10ን ያለ ኦቨርድራይቭ ከነዳሁበት ጊዜ ጋር ካነጻጸሩት ግን ልዩነቱ ከሙሌት እስከ ሙሌት በሚለካ ነዳጅ በግልጽ ይታያል። ኦቨርድራይቭን በነዳጅ ቁጠባ ስም ለሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚል ነው።

የቀሩ ሥራዎች

የኦቨርድራይቩን የመጀመሪያ ዘይት አወጣሁ። የማውጫው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ዱቄት ነበር፣ ስብርባሪ ግን የለም፤ አዲስ ማርሽ ሲለማመድ የሚታይ ነው። የመግቢያው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ) ደረቅ ነው። የአዳፕተሩን ቡሎኖች እንደገና በቶርክ መፍቻ አጠበቅኳቸው፤ ሁለቱ ጥቂት ተንቀሳቅሰዋል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ዘይት ሲቀየር ክር የሚይዝ ማጣበቂያ ያገኛሉ።

ካምቢዮውን ከነዳጅ መስጫው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ደግሞ ሌላ ማስተካከያ ይፈልጋል። በኦቨርድራይቭ ስሄድ ነዳጅ መስጫውን ከድሮው ጠለቅ አድርጌ ስለምረግጥ ካምቢዮው አንዳንዴ ያለ ጊዜው ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። ዘንጉን ትንሽ በማስተካከል የሚወርድበትን ነጥብ እፈትሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የፍጥነት መለኪያውን ከሳተላይት ንባብ ጋር አስተያየዋለሁ፤ አሁን በ90 ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር አብልጦ ያሳያል።